ግመልና ሞተር ሳይክል በካርቱም የሌሊት ጎዳና

«ግመል ሰርቆ አጎንብሶ አይሆንም» ሲሉ አባቶቻችን የተረቱት በቀን ብርሃን የሚታየውን ግመል እያሰቡ ሳይሆን አይቀርም። ከካርቱም ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በሌሊት ሞተር ሳይክል ለሚነዳ ሰው ግን ያ ቁመተ ረጅም እንስሳ ፈጽሞ ከዐይን ሊሰወር ይችላል፤ መኖሩንም የሚያውቀው አጠገቡ ከደረሰ በኋላ ይሆናል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ማስረዳት የጽሑፋችን አሳብ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ኹሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ከአገራችን የሚወርደው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝባት በካርቱም ከተማ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ስለዚህ ጉዳይ ያለው ሰው ፀሓይ እስክትጠልቅ ይጠብቃል። በረመዳን ወር ደግሞ ጾመኛው ካፈጠረ በኋላ ስለሆነ የሚንቀሳቀሰው፣ ሌሊቱ ከቀኑ ይልቅ ሕይወት ያለው ይሆናል። ሞተር ሳይክል ነጂ ከመኪና ተሳፋሪ ይልቅ ለዚህ ምክንያት አለው፤ ጥላም ጣራም የለውምና በቀትር በረሓ ውስጥ የሚነፍሰው ነፋስ ፊቱን እንደ ምድጃ ወላፈን ይገርፈዋል። ነገር ግን ከፀሓይ የሚሸሸው ሰው ብቻ አይደለም። ግመል ነጂውም፣ ከብቱን ወደ ገበያ የሚያደርሰው ነጋዴም፣ እንስሳቱ ራሳቸውም የሚመርጡት ያንኑ ሰዓት ነው። ባለ ሞተሩና ባለ ግመሉ ከአንድ ጠላት ሲሸሹ በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው።

ካርቱም፣ ሰሜን ካርቱምና ኦምዱርማን በዓባይ ውሃ የተለያዩ በድልድይ የተያያዙ ሦስት ከተሞች ናቸው። ከእነዚህም ከኦምዱርማን በስተምዕራብ ያለው የሙወይሊሕ የግመል ገበያ የታወቀ ነበር፤ ከኮርዶፋንና ከዳርፉር የሚመጣው ግመል እየተሸጠ ከፊሉ ወደ ግብጽ ይነዳ ነበር። በከተማው ውስጥ ውሃና ዕቃ የሚያመላልሰው የአህያ ጋሪ በኋላው መብራት ሳይኖረው በጨለማ ሲጓዝ ማየት የተለመደ ነበር። ውሻውማ አይነገርም። በእኔ አስተያየት በከተማ ውስጥ ከግመል ይልቅ የሚያስፈራው ውሻ ነው፤ ከግመል ጋር የሚገናኙት አልፎ አልፎ ሲሆን ከውሻ ጋር ግን በየማዕዘኑ ነው። ሞተር ሳይክል ባየ ጊዜ እየጮኸ ከጎን ይሮጣል፣ ከዚያም በድንገት ወደ ፊት ጎማ ይገባል። ኻያ ኪሎ የማይሞላ ውሻ ሁለት ጎማ ብቻ ያለውን ተሽከርካሪ ለመገልበጥ ይበቃል።

አኹን ወደ ግመሉ እንመለስ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ሳይክል በአንዲት ሰኮንድ 22 ሜትር ያልፋል። ነጂው አደጋውን አይቶ፣ ምን መሆኑን ለይቶ፣ እጁንና እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ አንድ ሰኮንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ ይህ ብቻውን 33 ሜትር ነው። ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑን አሳምሮ ቢይዝ እንኳ ለመቆም ሌላ 35 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ነፋስ ያመጣው አሸዋ በአስፋልቱ ላይ ተኝቶ ከሆነ ሒሳቡ ኹሉ ይፈርሳል። የብዙ ሞተር ሳይክሎች አጭር መብራት ግን ከ40 እስከ 60 ሜትር አልፎ አጥርቶ አያሳይም። እንግዲህ ይህ ሰው የሚሮጠው ዐይኑ ካልደረሰበት ስፍራ ውስጥ ነው። ፍጥነቱን ወደ 50 ኪሎ ሜትር ቢያወርድ በጠቅላላው 35 ሜትር ያህል ይበቃዋል።

በትንንሾቹ ሞተሮች ላይ ደግሞ አንድ የሚያሳዝን ጉድለት አለ። ከሞተሩ ዙር በቀጥታ ኃይል የሚያገኝ መብራት ጋዝ ሲቀነስ አብሮ ይደበዝዛል። ነጂው ለማየት ሲል ዝግ ባለ ቁጥር ይጨልምበታል፤ ስለዚህም እንዲበራለት ብሎ ይፈጥናል።

የግመል ትከሻ ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ክብደቱም ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 600 ኪሎ ነው። አጭሩ መብራት ፊት ለፊት የሚመጣውን እንዳያሳውር ወደ ታች የተዘነበለ ስለሆነ የግመሉ ሆድ፣ አንገትና ራስ ከብርሃኑ በላይ ይቀራሉ። በብርሃኑ ውስጥ የሚገቡት አራት ቀጫጭን እግሮች ብቻ ሲሆኑ እነርሱም የአሸዋውን መልክ የያዙ ናቸው። አህያ፣ ላም፣ ፍየል፣ ውሻና ጅብ ከዐይናቸው በስተኋላ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላላቸው ወደ መብራቱ ከተመለከቱ ዐይናቸው እንደ ፍም ይበራል። ጀርባውን የሰጠ እንስሳ ግን ይህን ምልክት አይሰጥም። መኪና ግመልን ሲመታ እግሩን ይቆርጥና ገላው በመስተዋቱ ላይ ይወድቃል፤ በሞተር ሳይክል ላይ ግን የሚመታው የነጂው ደረትና ራስ ነው፤ ከግመሉ ሆድ ጋር በአንድ ቁመት ላይ ናቸውና።

ከካርቱም በዋድ መዳኒ፣ በገዳሪፍና በከሰላ አልፎ ፖርት ሱዳን የሚደርሰው የአስፋልት መንገድ በ1980 ተፈጸመ፤ ርዝመቱም 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከገዳሪፍ የሚገነጠለው መንገድ ወደ ገላባትና ወደ መተማ ይወስዳል። በ1973 ከለንደን በትራያምፍ ሞተር ሳይክል ተነሥቶ ዓለምን በአራት ዓመት የዞረው ቴድ ሳይመን ከአትባራ ወደ ከሰላ በረሓውን አቋርጦ በመተማ በኩል ኢትዮጵያ ገብቷል። ወደ ደቡብ በኩል በ1935 የተከለለው የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ከእኛው ከአላጥሽ ፓርክ ጋር ይዋሰናል፤ በዚያ አካባቢ አንበሳ መኖሩ በ2016 በተመራማሪዎች ተረጋግጧል። የሌሊት ተጓዥ ግን አንበሳን ከመፍራት ይልቅ በመንገድ ዳር የተጋደመችውን ላም ቢፈራ ይሻለዋል። ቀን የጋለው አስፋልት ሌሊት ሙቀቱን ስለሚይዝ እባብ ይተኛበታል። ከዝናብ በኋላ ደግሞ ጢንዚዛው የነጂውን መነጽር በአፍታ ይሸፍናል።

የለመዱ ነጂዎች የሚሠሩት ብዙ አይደለም። ፍሬኑን የሚይዙት ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው እንጂ በታጠፈበት አይደለም። እንስሳው ማቋረጥ ከጀመረ በፊቱ ለማለፍ አይሽቀዳደሙም፤ በጅራቱ በኩል ያልፋሉ፤ ግን ተከታይ እንዳለው አስቀድመው ያያሉ፤ ግመልና ከብት ብቻውን አይሄድምና። የጭነት መኪና መብራት ያሳወረው ዐይን ወዲያው ስለማይመለስ መኪናው እስኪያልፍ ዝግ ይላሉ። የራስ ቁርም አለ፤ በሞተር ሳይክል አደጋ የመሞትን ዕድል በ42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ተመዝነው አሳይተዋል። ሆኖም በሙቀቱ ምክንያት በመሪው ላይ አንጠልጥለውት የሚሄዱ ሞልተዋል።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም የተጀመረው ጦርነት ይህን ነገር ኹሉ አክፍቶታል። የኤሌክትሪክ መስመሩ እጅግ ተጎዳ፤ ሠፈሮች ጨለሙ፤ ባለቤት ያጡ ውሾች በመንጋ ሆነው በባዶ መንገድ ላይ ይዞሩ ጀመር። በከተማይቱ ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ የወጡት በዚያው ጎዳና ነው። የሱዳን ጦር በማርች 2025 ከተማይቱን መልሶ ከያዘ ወዲህ ነዋሪው እየተመለሰ ነው፤ ጨለማው ግን ከሰው ቀድሞ አይለቅም።

በፊንላንድ አገር በየዓመቱ 4,000 ያህል አጋዘኖች በመኪና ስለሚገደሉ አርቢዎቹ በ2014 ብርሃን የሚመልስ ቀለም በቀንዳቸው ላይ ቀብተው ሞክረው ነበር። በጭነት መኪና ኋላ የሚለጠፈው የሚያብረቀርቅ ቁራጭ በአህያ ጋሪ ላይ ወይም በግመል አንገት ላይ ቢታሰር ወጪው ከአንድ ቀን የገለባ ዋጋ የሚበልጥ አይመስለኝም። የሱዳን ባለ ግመል ንብረቱን ከሌላው ለመለየት በግመሉ ገላ ላይ የነገዱን ምልክት በጋለ ብረት ሲያትም ኖሯል። ያ ምልክት የሚነበበው በቀን ነው።