በሬው እንዳይሸጥ፦ ከሴፍቲኔት ጋር ትውውቅ

ዝናብ በቀረበት ዓመት ገበያ ላይ ሁለት ዋጋዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሮጣሉ። እህል ሽቅብ፣ ከብት ቁልቁል። ጎተራው የተራቆተበት ገበሬ ሁሉ በአንድ ሰሞን እንስሳውን እየነዳ ስለሚወጣ ሻጭ ይበዛል፣ ገዢ ይጠፋል፤ ስንት ዓመት የተለፋበት በሬ በማይረባ ዋጋ ይሄዳል። ቅደም ተከተሉን የወሎ፣ የዋግ ወይም የሐረርጌ ሰው አሳምሮ ያውቀዋል። መጀመሪያ ዶሮና በግ ይሸጣል፣ ቀጥሎ ፍየሉ፣ ከዚያ ላሟ፣ በመጨረሻ በሬው። በሬው ከሄደ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ሰማዩ ቢያምርም በምን ይታረሳል? አንድ በሬ የቀረው ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል። አንድም ያልቀረው መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ከገዛ ማሳው ምርት ግማሹን ለሌላ ያስረክባል። ድርቁ በአንድ ዓመት ያልፋል፣ ድህነቱ ግን ቤቱን ይዞ ይከርማል።

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተቋቋመው ይህን ሽያጭ ለማስቀረት ነው። ስለ ፕሮግራሙ ሲወራ ስንት ሰው እንደታቀፈና ስንት ኩንታል እንደተከፋፈለ ይነገራል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ቀኑን ነው። በየካቲት፣ በመጋቢት፣ በሚያዝያ የሚደርሰው ነገር እንዳለ ከወዲሁ ያረጋገጠ ቤተሰብ በሬውን በበረት ያቆያል። ተመሳሳይ እህል በነሐሴ ቢመጣለት ነፍሱን ያተርፍ ይሆናል እንጂ በሬውን አያስመልስለትም።

የቀድሞው አሠራር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነበር። የመኸር ምርት ይገመገማል፣ መንግሥት የተረጂውን ቁጥር አውጥቶ ለጋሾችን ይጠይቃል፣ ለጋሾች ቃል ይገባሉ፣ እህል ይገዛል፣ በመርከብ ይጫናል፣ ወደብ ላይ ይራገፋል፣ በከባድ መኪና ወደ ወረዳ ይጓዛል። ይህ ሁሉ እስኪሆን ወራት ያልፋሉ። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል የተኖረው እንዲህ ነው። ዝናቡ ጥሩ በነበረባቸው ዓመታት እንኳ ሚሊዮኖች ያለ እርዳታ ዓመቱን መዝለቅ አልቻሉም፤ እርዳታው ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ «አስቸኳይ» እየተባለ ይጠየቅ ነበር። በየዓመቱ እንደሚመጣ እየታወቀ አስቸኳይ መባሉ ለእኔ ግራ ነው። በ1995 የተረጂው ቁጥር ከ13 ሚሊዮን ሲያልፍ መንግሥትም ለጋሾችም ሌላ መንገድ ለመፈለግ ተገደዱ። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው ደቡብ ክልል 5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ይዞ ሥራ ጀመረ። በኋላ አፋር፣ ሶማሌ፣ ሐረሪና ድሬዳዋ ተጨምረው ቁጥሩ ወደ 8 ሚሊዮን ተጠጋ።

ስሌቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም ሳይቀር፣ በወር 5 የሥራ ቀን ይያዝለታል። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት ስለዚህ በወር 25 የሥራ ቀን አለው፤ ቀኖቹን ተከፋፍለው የሚሠሩት ጉልበት ያላቸው አባላት ናቸው። መጀመሪያ ላይ የአንድ ቀን ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ያ ቤት እንግዲህ በወር 150 ብር ወይም 75 ኪሎ ያገኛል ማለት ነው። ሥራውም ክፍያውም ከጥር እስከ ሰኔ ለስድስት ወር ይዘልቃል፤ ክረምቱ ሲገባ ሰው ወደ ማሳው እንዲመለስ ነው። ለሥራ ያልደረሰ ልጅ፣ አቅመ ደካማ፣ አካል ጉዳተኛና ሕመምተኛ ብቻ ያለበት ቤት በ«ቀጥታ ድጋፍ» ስለሚያዝ ዶማ ሳያነሳ ይቀበላል። እርጉዝና የምታጠባ ሴትም ለጊዜው ከሥራው ወጥታ ወደ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች።

ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ተራራ ላይ ነው። ጠዋት ፎርማኑ ደብተሩን ይዞ ስም ይጠራል። የልማት ሠራተኛው በገመድና በውሃ ልክ የተራራውን ወገብ ይለካል፤ መስመሩ አንድ ክንድ ያህል ከተንጋደደ የክረምቱ ጎርፍ ደካማዋን ቦታ ፈልጎ እርከኑን ከነአፈሩ ይዞት ይወርዳል። ወንዶቹ በድጅኖ ድንጋይ ይፈነቅላሉ፣ ሴቶቹ ያጓጉዛሉ፣ ድርደራ የሚችሉት ሽማግሌዎች ትልቁን ከታች፣ ትንሹን ከላይ እያደረጉ ይክባሉ። ተዳፋቱ ከተሠራ በኋላ ከንክኪ ነፃ ይሆናል፦ ከብት አይገባበትም፣ ሣሩ እየታጨደ በሸክም ወደ ቤት ይሄዳል። እንዲህ የተከለሉ ብዙ ቦታዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥቋጦ ለብሰዋል፤ የደረቁ ምንጮች የተመለሱባቸውም አሉ። የቀበሌ መንገድ፣ የመማሪያ ክፍልና ኩሬም በዚሁ ጉልበት ተሠርቷል። የሴቶች የሥራ ሰዓት የወንዶቹ ግማሽ እንዲሆን መመሪያው ያዛል፤ ከሥራው በፊትም በኋላም ውሃው፣ እንጨቱና ምጣዱ ይጠብቃቸዋልና። ይህ በተግባር መዋሉ ግን ብዙውን ጊዜ በፎርማኑ በጎ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል።

ከተራራው ይልቅ የሚከብደው ምልመላው ነው። ወደ ፕሮግራሙ የሚገባው በማመልከቻ አይደለም። ኮታው ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል፤ በየጎጡ ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ ወጣቶችና የልማት ሠራተኛው ያሉበት ኮሚቴ ስም ያወጣል። ባለፉት 3 ዓመታት በየዓመቱ ቢያንስ ለ3 ወር የምግብ ክፍተት የነበረበት፣ ጥሪቱ የተሟጠጠበት ቤተሰብ ይቀድማል። ከዚያ ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ይነበባል። እንዲህ ባለው ስብሰባ ላይ ሁሉም ስለሁሉም ያውቃል። አንዱ ይነሳና «እሱ እኮ አረብ አገር ልጅ አለችው» ይላል። ሌላው ከወዲያ «ከላከች ዓመት አልፏታል፣ እሷም ችግር ላይ ናት» ብሎ ይመልሳል። ስለ መሬቱ ስፋት፣ ስለ ላሟ፣ ጎረቤት ስለሚጠብቀው ጥጃ፣ ምንም ሳይደበቅ ይወራል። ስሙ ለተነሳው ቤት ይህ ውርደት አለው፤ ግን የጎረቤትን ጓዳ ከጎረቤት አብልጦ የሚያውቅ ምን ዓይነት መዝጋቢ ይገኛል? እኔ ከቢሮ ተልኮ ከሚመጣ ቅጽ ይልቅ ይህን አምናለሁ። የቀበሌ ሹም ዘመድ ስም በዝርዝሩ ውስጥ የሚገኝበት ጊዜ መኖሩን ሳልረሳ ነው።

ኮታው ከችግረኛው ሲያንስ ደግሞ ሕዝቡ የራሱን መላ ይመታል። መመሪያው አንድ ቤት ከገባ ሙሉ ቤተሰቡ ይግባ ይላል። ጎጡ ግን ስድስት ነፍስ ያለበትን ቤት ሦስት ብቻ አስመዝግቦ የቀረውን ቦታ ለሌላ ችግረኛ ይሰጣል፤ አንዳንዴም የተቀበለው እህል ቤት ከደረሰ በኋላ ላልተመዘገበው ጎረቤት ይቆነጠራል። የፕሮግራሙ ባለሙያዎች ይህን አይወዱትም፣ ምክንያትም አላቸው። ለስድስት ሰው የተሰላው ለአሥራ ሁለት ሲከፈል የማንንም ክፍተት አይሞላም፣ በሬውም መሸጡ አይቀርም። የጎጡን ሰው ስትጠይቁ ግን «እኔ እየበላሁ እሱ እያየ እንዴት ይሆናል?» ይላችኋል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ስህተቱ ከላይ የወረደው ቁጥር ነው።

የክፍያው ዓይነት ሌላ ታሪክ አለው። ፕሮግራሙ ሲጀመር ሐሳቡ ቀስ በቀስ ከእህል ወደ ብር ለመዞር ነበር። ብር ለማጓጓዝ ይቀላል፣ የአካባቢውን ገበያ ያነቃቃል፣ ተቀባዩም ጨውም ደብተርም ይገዛበታል። ታዲያ በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ተተኮሰ። የቀን ክፍያው ከ6 ወደ 8 ብር ቢያድግም ገበያው ጥሎት ሄደ፤ 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ የተተመነው የቀን ክፍያ ያንን መግዛት አቃተው። ብርን ይመርጥ የነበረው ብዙ ሰው በዚያን ጊዜ ፊቱን ወደ እህል መለሰ። ድሃ ሰው የዋጋ ንረትን የሚያየው በቁና ነው፤ 3 ኪሎ ምንጊዜም 3 ኪሎ ነው። ከዚህ የተነሳ ክፍያው ኋላ ላይ የአካባቢውን የገበያ ዋጋ እያየ እንዲከለስ ተደርጓል፤ በእህል ለሚከፈለውም ለአንድ ሰው በወር ከሚደርሰው 15 ኪሎ ጋር 4 ኪሎ ጥራጥሬ ተጨምሮለታል።

የመዘግየቱ ነገር ግን እስከዛሬ ያልለቀቀ በሽታ ነው። የመክፈያ ቅጹ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ገንዘቡ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ ሲንከባለል የየካቲቱ ክፍያ ሚያዝያ ላይ ይደርሳል። ሰውየው ሠርቷል፣ ስሙ በፎርማኑ ደብተር አለ፣ ልጆቹ ግን ዛሬ ይበላሉ። ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፣ ክፍያው ሲመጣ ከነወለዱ ያስረክባል። ይህን ለማሳጠር ከእጅ ክፍያ ወደ ባንክ ሒሳብና ወደ ሞባይል ገንዘብ ለመሻገር የተደረገው ጥረት በየቦታው የተለያየ ውጤት አለው። እንደኔ ከሆነ የፕሮግራሙ ጤና መለኪያ አንድ ነው፦ የወሩ ክፍያ በወሩ ደረሰ ወይስ አልደረሰም?

ከዚያ ምረቃ ይመጣል። ቤተሰቡ ያለ ድጋፍ 12 ወር ራሱን መመገብና መጠነኛ ችግርን መቋቋም ሲችል ተመርቆ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው በ5 ዓመት ውስጥ ይመረቃል የሚል ተስፋ ነበር፤ አልሆነም። ጥናቶች እንዳሳዩት 5 ዓመት በፕሮግራሙ የቆየ ቤተሰብ 1 ዓመት ብቻ ከቆየው ጋር ሲነጻጸር የምግብ ክፍተቱ በ1 ወር ገደማ ያጥራል፤ ለርቢ የሚሆን እንስሳ፣ ንብ፣ ብድርና ምርጥ ዘር ሲታከልለት ለውጡ ይበልጣል። አንድ ወር ለከተሜ ጆሮ ትንሽ ነው። በሰኔ ወር ጎተራውን ለሚጠርግ ቤት ግን በሬ መሸጥና አለመሸጥ ማለት ነው። አበሳው የመጣው ምረቃም ኮታ ሲወጣለት ነው። ወረዳው «ይህን ያህል አስመርቅ» ሲባል ገና ያልጠናው ሁሉ እየተጨበጨበለት ይወጣል። ቤተሰቡም ይህን ስለሚያውቅ የገዛውን ጊደር ዘመድ ቤት ያቆማል። ሀብት ማፍራቱ የሚያስቀጣው ሰው ሀብቱን ቢደብቅ ምን ይፈረዳል?

በ2008ቱ ድርቅ ፕሮግራሙ በደንብ ተፈተነ። ከሴፍቲኔቱ 8 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ሌላ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ፈልጎ ነበር። እንደ 77ቱ ያለ እልቂት ግን አልደረሰም። መንገዱ፣ የጤና ኬላው፣ የመንግሥት በጀት፣ የለጋሽ እህል ሁሉ ድርሻ ነበራቸው። ያም ሆኖ ዝርዝሩ ቀድሞ የተዘጋጀ፣ የአከፋፈሉ መስመር የተዘረጋ መሆኑ ስንት ወር እንዳተረፈ ለመገመት አይከብድም።

ከተሞች የተጨመሩት በ2009 ነው፤ አዲስ አበባን ጨምሮ 11 ከተሞች፣ 600 ሺህ ያህል ሰው። በጠዋት መንገድ የሚጠርጉት፣ የወንዝ ዳር የሚያጸዱትና ችግኝ የሚያጠጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። የቀን ክፍያው ሲጀመር 60 ብር ነበር። የሥራ ቀኑ በየዓመቱ እየቀነሰ በ3 ዓመት ያበቃል፤ ከክፍያው 20 በመቶ በግዴታ ይቆጠባል፤ ኋላም ሥልጠናና የንግድ መነሻ ገንዘብ ይከተላል። ጉሊት የጀመረች፣ እንጀራ እየጋገረች ለሆቴል የምታስረክብ አለች። የቤት ኪራዩ ሁሉን የዋጠባትም አለች።

ወጪው ከየት ይመጣል የሚለው ሁልጊዜ የሚያሳስብ ነው። ከጅምሩ አንስቶ አብዛኛውን የሸፈኑት የዓለም ባንክን፣ የአውሮፓ ኅብረትን፣ ብሪታንያንና አሜሪካን የመሳሰሉ ለጋሾች ናቸው። በሰሜን የተነሳው ጦርነት ሥራውን በብዙ ወረዳዎች አቋርጦት ነበር። በ2017 የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት መዘጋቱ ደግሞ ከዋና ለጋሾቹ አንዱን አሳጣው። ሕይወቱ በሌላ አገር በጀት ላይ የተመሠረተ ዋስትና ምን ያህል ዋስትና ነው የሚለውን ጥያቄ መንግሥት ከራሱ ግምጃ ቤት ካልመለሰው ሌላ የሚመልስለት የለም።

ገጠር እናት አባት ወይም ዘመድ ያለው አንባቢ ቢያውቀው የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ። መካተት ሲገባው ከዝርዝሩ የቀረ ቤተሰብ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማመልከት ይችላል፤ ይህ ኮሚቴ መልማዮቹ ካሉበት የተለየ ነው። እዚያ ካልተፈታ ወደ ወረዳ ይቀጥላል። የምታመለክተው ብቻዋን ቤት የምትመራ ሴት ወይም ከባሏ የተፋታች ከሆነች በራሷ ስም እንድትመዘገብ ትጠይቅ፤ በቀድሞ ባሏ ካርድ ተቆጥራ ክፍያው ለእሱ ሲደርስ መኖሩ ያጋጥማል። ቅሬታውን ዝርዝሩ በተነበበበት ሰሞን፣ ጥር ሳይገባ ማቅረብ ይሻላል። ክፍያ ከተጀመረ በኋላ ኮሚቴው ልክ ናችሁ ቢል እንኳ ኮታው ሞልቷልና መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ለሚቀጥለው ዓመት» ነው።