አንበሳ የሌለው ሰርከስ

ሰርከስ ሲባል አንበሳና ዝሆን የሚጠብቅ ተመልካች የእኛን አገር ሰርከስ ሲያይ ግር ሊለው ይችላል። እንስሳ የለበትም። ከበሮ አለ፣ እስክስታ አለ፣ በጓደኛው ትከሻ ላይ የቆመ ልጅና በዚያ ልጅ ትከሻ ላይ የሚወጣ ሌላ ልጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ማርክ ላሻንስ የተባለ ካናዳዊ መምህር አዲስ አበባ ውስጥ ከልጆች ጋር ያቋቋመው ሰርከስ ኢትዮጵያ ገና ከጅምሩ ይህን መልክ ያዘ። ብዙም ሳይቆይ በጅማ፣ በመቀሌና በናዝሬትም ቡድኖች ተፈጠሩ።

የዚያ ትውልድ ትልቁ መድረክ ግን ባሕር ማዶ ነበር። በ1998 ለትርኢት አውስትራሊያ የሄዱ 15 የሰርከስ ኢትዮጵያ አባላት ጥገኝነት ጠይቀው እዚያው ቀሩ። ለትርኢት ሄደው በዚያው ከቀሩት መካከል ሶሲና ወጋየሁ በዚያው አገር ሰርከስ ኦዝ ውስጥ ሰውነቷን እንደ ገመድ በማጠፍና ኳስ በማንጠር ታወቀች፤ ኋላም አዲስ አበባ ላይ ጋሞ የተባለ የሰርከስ ትምህርት ቤት እንዲከፈት አድርጋለች።

ታዲያ አንድ ጀማሪ የሰርከስ ባለሙያ ሥራውን ለማሳየት የግድ ቪዛ መጠየቅ አለበት?

ለዚህ ጥያቄ ተግባራዊ መልስ የሰጠው ፍካት ሰርከስ ነው። በ2004 ፒያሳ አካባቢ በጥቂት ወጣቶች የተጀመረው ይህ ቡድን፣ በደረጀ ዳንጌ መሪነት ልጆችን ከማሠልጠን አልፎ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለተኙ ሕፃናት ሳቅ ይዞ እስከ መግባት ደርሷል። በ2015 ደግሞ የመጀመሪያውን የአፍሪካ የሰርከስ ጥበባት ፌስቲቫል አዲስ አበባ ላይ አዘጋጀ። ከዚያ በኋላም ፌስቲቫሉ ተደግሟል። በአህጉሩ በ1992 ኬፕ ታውን ላይ እንደተቋቋመው ዚፕ ዛፕ ያሉ ነባር ትምህርት ቤቶች ቢኖሩም፣ ከአንድ የአፍሪካ አገር ወደ ሌላው ተሻግሮ የሙያ ጓደኛን ሥራ ማየት ወደ ፓሪስ ከመሄድ የባሰ የሚከብድበት ጊዜ ብዙ ነው። በእኔ ግምት የፌስቲቫሉ ዋና ጥቅም ከጭብጨባው ይልቅ እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ቡድን የሌላውን አጣጣል፣ አያያዝና አወዳደቅ ቆሞ ያያል።

አዲስ አበባን ትተን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ብንጓዝ ደብረ ብርሃን እንደርሳለን። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ቅዝቃዜዋ የሚታወቅ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተማ ናት። ባናና በርኖስ በሚለበስበት በዚህ ደጋ፣ በስስ የስፖርት ልብስ የሚገለባበጡ ልጆች ማየት መጀመሪያ ላይ ሳያስገርም አልቀረም። ሰርከስ ደብረ ብርሃን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መገባደጃ ላይ ነው። ትርኢቱን ስለ ኤች አይ ቪ ለማስተማርም ተጠቅሞበታል። በይበልጥ የሚለየው ግን አካል ጉዳተኛ የሆኑና መስማት የተሳናቸው ወጣቶችን ከሌሎቹ ጋር እኩል መድረክ ላይ ማውጣቱ ነው።

ይህ በሥራው ላይ ምን እንደሚለውጥ ለማየት አንዱን ትርኢት ቀረብ ብሎ መመልከት ይበቃል። አንዱ በጀርባው ተኝቶ ሁለት እግሮቹን ወደ ላይ ያቆማል። ቀለል ያለው ጓደኛው በውስጥ እግሮቹ ላይ ይቀመጣል። የተኛው ጉልበቱን አጥፎ በአንድ ጊዜ ሲዘረጋ ላይኛው ተወርውሮ አየር ላይ ይገለበጥና ተመልሶ እዚያው እግር ላይ ያርፋል። ሁለቱ በጥቂቱ እንኳ ከተቀዳደሙ መውደቅ ነው። በተለምዶ አንዱ በድምፅ ምልክት ይሰጣል። መስማት የማይችል ተዋናይ ግን ሰዓቱን የሚያነበው ከዓይን፣ ከእጅ ምልክትና ከጓደኛው ጡንቻ መወጠር ነው። ከሚሰማው ሰው ያነሰ አይደለም፤ እንዲያውም አየር ላይ ላለ ሰው ከጆሮ ይልቅ የእግር ንክኪ የሚታመን ይመስለኛል። በብርድ አገር ሰውነት ሳያሞቁ እንዲህ ያለውን መሞከር ጅማት መበጠስ ስለሆነ ማሟሟቂያውም የዋዛ አይደለም። ኦስትሪያዊው ፊልም ሠሪ ሉካስ በርገር በ2015 በቡድኑ ስም የሰየመውን አጭር ፊልም የሠራው እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው።

ስደቱ ቆሟል ማለት አይቻልም፤ መንገዱ ግን ባለ ሁለት አቅጣጫ ሆኗል። ቢቢና ቢቹ ተስፋማርያም የተባሉት ወንድማማቾች ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ከኢትዮጵያ ወጥተው እንግሊዝ ውስጥ በሰርከስ ሙያ ኖሩ። ከዚያ ሰርከስ አቢሲኒያን መሥርተው በ2017 የኤድንብራ ፍሪንጅ ፌስቲቫል ላይ «የኢትዮጵያ ሕልሞች» የተሰኘውን ትርኢት አቀረቡ። ቀጥሎ ያዘጋጁት «ቱሉ» መነሻው በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀችው ደራርቱ ቱሉ ናት። ሁለቱ ወንድማማቾች ለመድረኩ የሚሆኑ ተዋናዮችን የፈለጉት አውሮፓ ውስጥ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ በእነሱ ድጋፍ ከቆመው ሰርከስ ዊንጌት ያደጉ ልጆች ናቸው፤ ወደ ስኮትላንድ የሄዱትም በሙያቸው ተቀጥረው ነው።