የትንሽ ሎደር ትራክተር የኋላ ክብደት

ከፊቱ ሎደር የተገጠመለት ትንሽ ትራክተር ከኋላው ክብደት ካልተሰቀለለት ጎዶሎ መሣሪያ ነው። የሚሰቀለው የኮንክሪት ቁራጭ፣ ድንጋይ የተሞላ የብረት ሣጥን፣ ወይም ራሱ ከባድ የሆነ ማረሻ ሊሆን ይችላል። የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ገዢው ስለ ፈረስ ጉልበትና ስለ ባኬት ስፋት ሲጠይቅ እሱን የሚያነሣው እምብዛም አይደለም። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው ዳገትና ቁልቁለት ድርቆሽ፣ ፍግ ወይም አሸዋ የሚያነሣ ትራክተር ግን ሳይገለበጥ ውሎ የሚገባው በእሱ ነው።

በብዙዎች ዘንድ ሥር የሰደደው ስሕተት «የኋላ ጎማ ውስጥ ውኃ ከተሞላ ይበቃል» የሚለው ነው። ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይጠራል። ሎደሩን ጨምሮ 1,800 ኪሎ የሚመዝን፣ ባዶውን ሲቆም በፊትና በኋላ አክስሉ ላይ 900፣ 900 ኪሎ የሚያሳርፍ ትራክተር ይታሰብ። በአክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት 1.6 ሜትር ይሁን። ከፊት አክስል በ1.6 ሜትር ርቀት ላይ 400 ኪሎ ሲያነሣ፣ በፊት አክስል ላይ የሚጨመረው 400 ሳይሆን 800 ኪሎ ነው፤ ከኋላው ደግሞ 400 ይቀነሳል። ፊቱ 1,700፣ ኋላው 500 ይሆናል። በዚህ ጊዜ ጎማ ውስጥ 400 ኪሎ ውኃ ቢኖር ኋላው ወደ 900 ይመለሳል፤ ፊቱ ግን ያው 1,700 ነው። ያው 400 ኪሎ ከኋላ አክስል 80 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ርቆ ሲሰቀል ኋላው 1,100 ይደርሳል፣ ፊቱም ወደ 1,500 ይቀላል። ውኃው ጎማውን መሬት ያስነክሰዋል እንጂ ለፊት አክስል አንድ ኪሎ አያቃልልለትም። የፊቱን ጥርሳ ጥርስና ዘይት መያዣ ጎሚኒ ያለ ዕድሜው የሚጨርሰው ይኸው ጭነት ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። የፊት አክስል መሃሉ ላይ ባለ አንድ ፒን ግራና ቀኝ ስለሚወዛወዝ፣ ትራክተሩን ከመገልበጥ የሚጠብቀው መሠረት አራት ማዕዘን ሳይሆን ሦስት ማዕዘን ነው፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎችና ያ ፒን። ባኬቱ ሲሞላ የክብደቱ መሃል ወደ ጠባቡ ጫፍ ይሳባል። ከኋላ የተሰቀለው ክብደት ወደ ሰፊው መሠረት ይመልሰዋል። በብዙ ትናንሽ ትራክተሮች ፍሬኑ ያለው በኋላ ጎማዎች ብቻ ስለሆነ፣ ኋላው ቀሎ ቁልቁለት መውረድ ያለ ፍሬን እንደ መውረድ ነው። ክብደት ሳይሰቅሉ ባኬቱን ከፍ አድርጎ ተዳፋት ማቋረጥ ድፍረት ሳይሆን ግዴለሽነት ነው።

መጠኑን ለመምረጥ መነሻው የሎደሩ መመሪያ መጽሐፍ ነው። ከዚያ ትራክተሩን ባኬቱ እንደተሞላ ምድር ሚዛን ላይ አውጥቶ ፊቱንና ኋላውን ለየብቻ መመዘንና ለአክስሎቹና ለጎማዎቹ ከተፈቀደው ልክ ጋር ማስተያየት ነው። የሚሰቀለው ክብደት የኋላ ሃይድሮሊኩ ከሚችለው መብለጥ የለበትም። ቤት ውስጥ ለሚሠራ፣ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በደረቅ አሸዋ ሲሞላ 320 ኪሎ ገደማ፣ በኮንክሪት ሲሞላ 480 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለትንሽ ትራክተር ሙሉ በርሜል ኮንክሪት ብዙ ጊዜ ይበዛል።

ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ተርቦ የሌለው ሞተር በአየሩ መሳሳት የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ሎደሩ የሚያነሣው ግን በሃይድሮሊክ ግፊት ስለሆነ የማንሣት አቅሙ አይቀንስም። «ሞተሩ ስለደከመ ትንሽ ክብደት ይበቃል» ማለት ስለዚህ አያስኬድም። ጎማ ውስጥ ውኃ የሚጨምር ሰው ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ ማሰብ አለበት።

ክብደቱ ዝቅ ብሎ ይሰቀላል፤ ፒኖቹም ይቆለፋሉ። የሎደር ሥራ ሲያበቃ ወርዶ ይቀመጣል፤ ክረምት ላይ ውኃ የጠገበ መረሬ አፈር ያለ አስፈላጊነት የተጫነውን እያንዳንዱን ኪሎ በመጠቅጠቅ ይመልሳል፣ የተጠቀጠቀ መረሬም ውኃ አያሳልፍም።