ለማያውቀው እጅ የሚሠራ ሳጥን

ከሐዋሳ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚደርስ ሥዕል 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሻሸመኔን፣ ባቱን፣ መቂንና ሞጆን ያልፋል። በዚህ ሁሉ መንገድ ሠዓሊው አጠገቡ የለም፤ ገዢውም ገና አላየውም። የመኪናው ረዳት ፖርቶመጋላ ላይ ይጭነዋል፣ ሻሸመኔ ላይ የተሳፈረው መንገደኛ ሻንጣውን ይደርብበታል፣ አዲስ አበባ ሲገባ ሌላ ሰው ያወርደዋል። ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የመጋዘን ሠራተኛው፣ የጉምሩክ ፈታሹና አውሮፕላን ጫኙ ይጨመራሉ። ሁሉም ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ሥዕሉን ግን አያውቁትም። ሥዕል የማሸግ ሙያ የተፈጠረው በእነዚህ ሰዎች ምክንያት ነው። ጥሩ ሳጥን ይዘቱን ከጉዳት ይጠብቃል፤ ከዚያም አልፎ እንዴት እንደሚያዝ፣ በየት በኩል እንደሚከፈትና እንዴት ተመልሶ እንደሚዘጋ ያለ አስረጂ ያስታውቃል።

ለአገራችን ነገሩ አዲስ አይደለም። የብራና መጽሐፍ በልኩ የተሰፋ የቆዳ ማኅደር አለው። በጉዞ ጊዜ በማንገቻው ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፤ ቤት ሲገባ ግድግዳ ላይ ይሰቀላልና ከመሬት እርጥበት ይርቃል። በእንጨት ላይ የሚሣለው ባለ ሦስት ገጽ ተከፋች ሥዕልም ሁለቱ ክንፎቹ ሲዘጉ መካከለኛውን ሥዕል ይሸፍኑታል፤ ሥዕሉና መያዣው አንድ ላይ ተሠርተዋል ማለት ነው።

በቅርብ ዘመን ካየናቸው ጉዞዎች ትልቁ የአክሱም ሐውልት ነው። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም የተወሰደው ይህ 24 ሜትር የሚረዝምና 160 ቶን ገደማ የሚመዝን ሐውልት በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ክፍል ሆኖ፣ በአንቶኖቭ 124 አውሮፕላን በሦስት በረራ ተመለሰ። ተተክሎ የተመረቀው ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። ቅሪተ አካሏ ሉሲ ደግሞ ከባድ ሳትሆን ተሰባሪ ናት። በ1999 ዓ.ም. ክረምት ወደ ሂዩስተን ስትሄድ፣ ስሚዝሶኒያንን ጨምሮ አንዳንድ ተቋማት ‹‹እንዲህ ያለ ቅሪት መጓዝ የለበትም›› ብለው አናስተናግድም አሉ። እሷ ግን ጉዞዋን ጨርሳ በ2005 ዓ.ም. ተመለሰች፤ በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ደግሞ ሰላም ከተባለችው ቅሪት ጋር ወደ ፕራግ ሄደች። ክርክሩ ለአሻጊው የሚተወው ትምህርት አለ፦ ማሸግ አደጋን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ‹‹በምን እናሽገው?›› ሳይሆን ‹‹መሄድ አለበት ወይ?›› የሚለው ነው።

የሥዕሉ መሄድ ከተወሰነ ጠላቶቹ ሦስት ናቸው፤ መውደቅ፣ መንቀጥቀጥ፣ የሙቀትና የእርጥበት መለዋወጥ። ብዙ ሰው የሚፈራው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሆኖም አይሱዙ ላይ በጀርባው የተኛ ሸራ በየጉድጓዱ ወደ ላይና ወደ ታች ይርገበገባል፤ የደረቀው ቀለምም በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ሥዕል እንደተሰቀለ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚጫነው።

አንድ ሜትር በ80 ሳንቲሜትር የሆነ፣ ፍሬም ያለው የዘይት ቀለም ሥዕል እንውሰድ። መጀመሪያ ፊቱም ጀርባውም ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ጭረት፣ ስንጥቅ፣ የተላጠ ቦታ ካለ ይመዘገባል። ቀጥሎ ለስላሳና ቅባት የማያሳልፍ፣ ግላሲን የሚባል ወረቀት ይሸፍነዋል። ላስቲክ በቀጥታ ቀለሙን መንካት የለበትም፤ ባለ አየር ፊኛ ላስቲክ በተለይ ክብ ክብ ምልክቱን ቀለሙ ላይ አትሞ ይቀራል። መስታወት ካለው መስታወቱ ላይ ፕላስተር በመስቀል ቅርጽ ይለጠፋል፤ ቢሰበር እንኳ ስባሪው ተበትኖ ሸራውን እንዳይቀድ። አራቱ ማዕዘኖች በተጣጠፈ ካርቶን ይጠናከራሉ። ከዚህ በኋላ ነው ላስቲክ የሚጠቀለልበት።

አሁን ተራው የሳጥኑ ነው። ልኩ የሚወሰደው ከታሸገው ሥዕል ሲሆን በየጎኑ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ለስፖንጅ ይተዋል። ስፖንጁን ዙሪያውን መጠቅጠቅ የተለመደ ስሕተት ነው፤ የሚበጀው በማዕዘኖቹና በጠርዙ ላይ በልክ ቆርጦ ማስቀመጥ ነው። የፍራሽ ስፖንጅ ለከባድ ሥዕል አይሆንም፤ ክብደት ሲያርፍበት ተጨፍልቆ ያልቅና ሥዕሉ እንጨቱን ይመታል። በጣም ደረቅ ፎም ደግሞ ምቱን ሳይቀንስ እንዳለ ያስተላልፋል። ትክክለኛው በእጅ ሲጫኑት የሚቋቋም፣ ሲለቁት የሚመለስ ነው።

ሳጥኑን ለመሥራት ከሐዋሳ መውጣት አያስፈልግም። ቁም ሣጥን የሚሠራ አናጢ ኮምፔንሳቶ፣ ሞራሌና ካቻቪቴ አለው። ልዩነቱ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። ክዳኑ በምስማር አይመታም፤ የመዶሻው ንዝረት እስከ ቀለሙ ይደርሳል፣ ሲከፈትም እንጨቱ ይሰነጠቃል። ቪቴ ሲሆን የትም ያለ ሰው ፈትቶ መልሶ ያጠብቀዋል። ከሥር ሁለት የሞራሌ እግሮች ይደረጉለታል፤ እጅ እንዲገባና እርጥብ ወለል ላይ እንዳይቀመጥ። በጎኑ መያዣ ይገጠማል፤ መያዣ የሌለው ሳጥን ተጎትቶ ይሄዳልና። የክዳኑ ዙሪያ ስስ የጎማ ወይም የፎም ጥብጣብ ቢለጠፍበት አቧራና ዝናብ አይገባም። ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት፣ ጃንጥላና ብርጭቆ በውጭው ይሣላሉ፤ እነዚህ ምልክቶች ቋንቋ ለማይጋራ ሠራተኛም ይገባሉ። በክዳኑ ውስጠኛ ፊት ደግሞ የአከፋፈቱ ቅደም ተከተል ይጻፋል።

ፍሬም የሌለው ትልቅ ሸራ ተጠቅልሎ ሊሄድ ይችላል፤ የብዙ ሥዕል ጥፋት የሚጀምረው ግን እዚህ ላይ ነው። ቀለም ያለበት ፊት ወደ ውስጥ ሆኖ በቀጭን ቱቦ ሲጠቀለል ቀለሙ ይጨማደዳል። ሸራው ቀለሙን ወደ ውጭ አድርጎ፣ በመሀሉ ወረቀት እየገባበት፣ ሰፋ ባለ ቱቦ ላይ ይጠቀለላል። የግንባታ ዕቃ መደብር የሚሸጠው ወፍራም የፒቪሲ ቱቦ ለዚህ ይበቃል። ያልደረቀ የዘይት ቀለም ግን መጠቅለል የለበትም፤ ላይ ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ለመድረቅ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ለሐዋሳ ሠዓሊ ሌላው አሳሳቢ ነገር ሙቀት ነው። አክሪሊክ ቀለም ሲሞቅ ይለሰልስና ከነካው ላስቲክ ጋር ይጣበቃል። ስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ውስጥ የቆመ ዝግ መኪና ውስጡ እንዴት እንደሚግል ማንም ያውቃል። ሥዕሉ ቀትር ላይ ተጭኖ ማታ ወደ አዲስ አበባ ብርድ ሲገባ ደግሞ ላስቲክ ውስጥ የታፈነው እርጥበት ጠል ሆኖ ይወርድበታል። ስለዚህ በማለዳ ወይም በሌሊት መጫን፣ ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ማኖር፣ ሲደርስም ሳይከፈት አንድ ቀን ከክፍሉ አየር ጋር እስኪስማማ መተው ይበጃል። ብዙ ሙዚየሞች ሳጥን ከደረሰ በኋላ 24 ሰዓት የሚጠብቁት ለዚህ ነው።

ድንበር የሚሻገር ሥራ ተጨማሪ ሕግ አለው። ጥሬ ጣውላ ለማሸጊያነት ሲውል ውስጡ ድረስ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ እንዲሞቅና ማኅተም እንዲደረግበት ዓለም አቀፍ የዕፀዋት ጤና ደንብ ያዛል፤ ተባይ በእንጨቱ ውስጥ ተደብቆ እንዳይሻገር ነው። በሙጫና በሙቀት ተጭኖ የተሠራ ኮምፔንሳቶ ከዚህ ነፃ ነው፤ የሞራሌው እግር ግን አይደለም። ከዚህ በተጨማሪ ሥራው ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከቅርስ ባለሥልጣን መያዝ ያስፈልጋል።

የማሸግ ሙያ ተፈላጊነትም እያደገ ነው። በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን አዳራሽ ስትከፍት የሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳን ሥራዎች አቀረበች። ጋለሪዎችም ዛሬ የሥራውን ውበት ብቻ ሳይሆን በሰላም መድረሱንም ይጠይቃሉ። በሐዋሳ ያለ ሠዓሊ የሳጥኑን ወጪ ከሥዕሉ ዋጋ ጋር አስቀድሞ ቢያስበው ይሻለዋል፤ በደንብ የተሠራ ሳጥን ሥዕሉ ሳይሸጥ ቢመለስም ያገለግላል። አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም፦ ጉምሩክ ላይ ሳጥኑን ፈትቶ የሚያየው ሰው መልሶ መዝጋት ካልቻለ፣ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ ያለ ማሸጊያ የተደረገ ጉዞ ነው።