ዳግም የሚሞሉ የባትሪ ድንጋዮችን በስማርት ቻርጀር ስለመፈተሽ

በሐዋሳ ከተማ መብራት በሚቋረጥበት ጊዜ የእጅ ባትሪ ለብዙ ቤተሰብ አለኝታ ነው፤ እንደ ደም ግፊት መለኪያ ያሉ መሣሪያዎችም በተመሳሳይ ድንጋይ ይሠራሉ። ይሁን እንጂ የቻርጀሩ መብራት «ሞልቷል» ማለቱ የድንጋዩን ብቃት አያረጋግጥም። ያረጀ ድንጋይ ቶሎ ይሞላል፤ ቶሎም ያልቃል።

የፍተሻ አገልግሎት ያለው ስማርት ቻርጀር እያንዳንዱን የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋይ ለየብቻ ይሞላል፣ ያራግፋል፣ እንደገናም ይሞላል። ተገልጋዮች ሊያነቡት የሚገባው በማራገፍ ወቅት የተመዘገበውን የሚሊ አምፔር ሰዓት ቁጥር ነው። በመሙላት ወቅት የሚታየው ቁጥር ከፊሉ ኃይል በሙቀት ስለሚባክን ከእውነቱ ከፍ ይላል። 2000 የተጻፈበት ድንጋይ 1800 ከሰጠ ደህና ነው፤ 1000 ከሰጠ ግን ለቴሌቪዥን ሪሞት እንጂ ለሕክምና መሣሪያ አይታመንም። ለወራት ተቀምጦ የቆየ ድንጋይ ሂደቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደገምለት ሊያገግም ስለሚችል በመጀመሪያው ውጤት ብቻ አይጣል። ደካማውን ከጠንካራው ጋር በአንድ መሣሪያ ማጣመር ደካማውን ይበልጥ ይጎዳዋል።

ፍተሻው ከግማሽ ቀን በላይ ሊወስድ ይችላል፤ በመካከሉ መብራት ከተቋረጠ ቁጥሩ ሊጠፋ ስለሚችል እንደ አዲስ መጀመር ያስፈልጋል።

በግዢ ወቅትም ጥንቃቄ ይደረግ። የዚህ ዓይነት «ኤኤ» ድንጋይ 3000 እንኳ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው፤ 4000 የሚል ጽሑፍ ካዩ አይመኑት። ዳግም የማይሞላ ተራ ድንጋይ ሊያፈስ ወይም ሊፈነዳ ስለሚችል በምንም ምክንያት ቻርጀር ውስጥ አይገባም።