የውርጭ አገር እርምጃ

ከአዲ አርቃይ ከተማ ዳር ቆሞ የስሜንን ተራሮች ሽቅብ የሚያይ ሰው ሁለት አየር በአንድ ጊዜ ያያል። እሱ ያለበት ይሞቃል፤ ሰው ጥላ ፍለጋ በየደጃፉ ተጠግቷል። እላይ፣ ሾጣጣው ዐለት ከሰማይ በሚገጥምበት፣ በዚያችው ሰዓት እረኛ በርኖሱን ደርቦ እጁን በትንፋሹ ያሞቃል። ልዩነቱን ያመጣው ከፍታው ነው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ 3,000 ሜትር ሽቅብ የወጣ ሰው ወደ 20 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ከኋላው ትቶ ሄዷል ማለት ነው።

እዚያ ላይ ሳይወድቁ፣ ሳይጠፉና ሳይታመሙ መራመድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በሌላው ዓለም ትምህርት ቤት ተከፍቶለት፣ መምህር ተመድቦለት ይሰጣል። እኛ ዘንድ ግማሹ በስሜን ሰው እግር ውስጥ አለ፤ ግማሹ ገና አልደረሰንም። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ግማሾች ያስተዋውቃል።

አማርኛ ለብርድ ቃል አያጣም። ከደመና የሚወርደው በረዶ ነው፤ እንደ ተነደፈ ጥጥ ለስልሶ የሚያርፈው አመዳይ፤ ሌሊት ሣሩ ላይ የሚጋገረው ውርጭ፤ አጥንት የሚዘልቀው ቁር፤ ጣት አልታዘዝ ሲል ደግሞ ቆፈን ይባላል። ከቆላ፣ ከወይና ደጋና ከደጋ በላይ ያለውን አገር አባቶች ውርጭ ብለው የሰየሙትም ከዚሁ የተነሣ ነው። ስሜን ሁለት ዓይነት ብርድ አለው። በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጠርቶ ስለሚያድር ምድሩ ቀን የያዘውን ሙቀት የሚከልልለት ደመና የለም፤ ንጋት ላይ ጓሳው ነጭ ሆኖ ይገኛል፣ በኮዳ ያደረ ውሃም ይረጋል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ በረዶው ይወርዳል፤ ጫፎቹ ላይ አልፎ አልፎ አመዳይ ይቀመጣል።

ነገሩ የቆየ ነው። በአዱሊስ በነበረ የድንጋይ ዙፋን ላይ ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ ዘመቻውን ሲያስጽፍ፣ በስሜን ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንደ ነበረ መዝግቧል። ጽሑፉ የደረሰን ኮስማስ የተባለ ተጓዥ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ገለበጠው ነው። ከዚያ እጅግ ቀደም ሲል፣ በበረዶ ዘመን፣ በራስ ደጀንና በቧሂት አናት የበረዶ ግግር እንደ ነበረ ግግሩ ገፍቶ የከመረው ድንጋይ ዛሬም ይመሰክራል። አሁን ግን ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ደጀን እንኳ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ በረዶ የለውም።

ሙያው ከእግር ይጀምራል። አንድ የሐምሌ ከሰዓት ከቧሂት ወደ ጨነቅ ስንወርድ በረዶ ወረደብን፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ መንገዱ ባቄላ በሚያካክል ነጭ ጠጠር ተሸፈነ። እኔ ውድ ጫማ አድርጌ፣ በፍርሃት ወደ ኋላ ተለጥጬ ስለምራመድ ሁለት ጊዜ ተንሸራተትኩ። ባለበቅሎው የላስቲክ ጫማ ነበር ያደረገው። ጉልበቱን ዘና አድርጎ፣ ክብደቱን ወደ ፊት ጥሎ፣ ተረከዙን በረዶው ውስጥ እየተከለ ወረደ። ዱላውን በገደሉ በኩል አልያዘም፤ በተራራው በኩል ባለው እጁ ነው የያዘው። ዞር ብሎ አየኝና «ተረከዝህን እመነው» አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ፤ ሦስተኛ አልወደቅሁም።

ከዓመታት በኋላ የተራራ መምህራን ለጀማሪ የሚያስተምሩትን ሳጠና ያንኑ አገኘሁት። ሲወርዱ ተረከዝን መትከል፣ ሲወጡ በጫማው አፍንጫ በረዶውን እየመቱ ደረጃ ማበጀት፣ የበረዶ መጥረቢያን ምን ጊዜም በተራራው በኩል ባለው እጅ መያዝ። መጥረቢያው አነስ ያለ ዶማ ይመስላል፤ አናቱ በአንድ በኩል ሹል፣ በሌላው ጠፍጣፋ ሆኖ፣ የእጀታው ጫፍ የብረት እሾህ አለው። የተንሸራተተ ሰው ወዲያው በደረቱ ይገለበጥና አናቱን ትከሻው ሥር ይዞ፣ ሹሉን በሰውነቱ ክብደት በረዶው ውስጥ ይሰካዋል። ይህ በማንበብ አይገኝም። ተማሪው ከታቹ ገደል በሌለበት ቁልቁለት ላይ በጀርባው፣ በጭንቅላቱ፣ በጎኑ እየተለቀቀ እጁ ሳያስብ እስኪሠራው ድረስ ይደጋግመዋል። ጫማ ላይ የሚታሰረው ባለጥርስ ብረት፣ ክራምፖን፣ የራሱ አረማመድ አለው፤ ጥርሱ ከሱሪ እንዳይጠላለፍ እግርን ፈርከክ አድርጎ፣ ጥርሶቹ ሁሉ መሬት እንዲነክሱ መርገጥ ነው። የበረዶ ናዳን መለየትም ይማሩታል፤ ናዳው የሚበዛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ቁልቁለት ላይ ነው። ያልደረሰን ግማሽ ይህ ነው።

በእጃችን ካለው ግማሽ ትልቁ ዝግታ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ተራራ ላይ የሕክምና ምክር ይሆናል። በራስ ደጀን አናት የኦክስጅኑ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከ60 በመቶ በታች ነው፤ ሰውነት ይህን የሚለምደው በቀናት ነው። ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመክራሉ። የስሜን መስመር ይህን ሕግ ይጠብቃል። ከደባርቅ ተነሥቶ ሳንቃ በር በ3,250 ሜትር ገደማ ይታደራል፣ ቀጥሎ ግጭ በ3,600፣ ከዚያ ብዙም በማይበልጠው ጨነቅ። ወደ ራስ ደጀን የሚሄደውም ዝቅ ብሎ አምቢቆ ያድራል፤ ጫፉን ረግጦ ተመልሶ እዚያው ይተኛል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ናቸው። ሰውየው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ከተዘባረቀ ወይም ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ካጠረው፣ መድኃኒቱ ሌሊትም ቢሆን ይዞት መውረድ ነው።

ልብስም እውቀት ይፈልጋል። ጋቢ ደረቅ ሲሆን ይሞቃል፤ ሲረጥብ ግን ጥጡ ውሃ ይዞ ከገላ ላይ ሙቀት ይመጥጣል። የበግ ጠጉር በርኖስ ቢረጥብም ሙቀት አይነሣም፤ ደገኛው በርኖስን የመረጠው በምክንያት ነው። የዛሬው የተራራ ተጓዥ ይህንኑ በሦስት ድርብ ያደርገዋል፤ ላብ የሚያሳልፍ ስስ ልብስ ከውስጥ፣ ሙቀት የሚይዝ ከመሐል፣ ነፋስና ዝናብ የሚከላከል ከላይ። በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሰውነቱ ገና እየታገለ ነው። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ ነው መደንገጥ።

ከሰዓት ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ሲያለብስ ከጅብራው ማዶ ያለው ሁሉ ይጠፋል። መንገድ መሪው የእያንዳንዱን ዐለት ቅርጽ ስለሚያውቅ አይደናገርም። በማያውቀው አገር ግን እሱም ካርታና ኮምፓስ፣ እርምጃ እየቆጠሩ ርቀት መለካት ያስፈልገዋል። ከሁሉ በላይ የሚከብደው ትምህርት መመለስ ነው። የመመለሻ ሰዓት ጠዋት አእምሮ ሳይደክም ይቆረጣል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ጫፉ በድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ ቢሆንም ፊት ይዞራል።

ከፍታ ብቻውን በረዶ አያመጣም። የስኮትላንዱ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው፤ ከጎንደር ከተማ እንኳ በብዙ ያንሳል። ወደ ሰሜን ዋልታ ስለሚቀርብ ግን በክረምቱ መጥረቢያና ክራምፖን ያስይዛል፤ እዚያው አገር ግሌንሞር ሎጅ የተባለው ማሠልጠኛ ይህንን ሙያ ያስተምራል። ኢትዮጵያዊም በረዶን ሊለምድ እንደሚችል ሮቤል ተክለማርያም አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በክረምት ኦሊምፒክ በበረዶ መንሸራተቻ ለአገሩ ተወዳድሯል።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነበር። የዋልያና የጭላዳ አገር እንደ ሆነ ሁሉ የእርምጃ ትምህርት ቤትም መሆን ይችላል። ዳገቱ አለ፤ ጉሙና ውርጩ አሉ፤ መንገድ መሪው፣ ስካውቱና ባለበቅሎው አሉ። የሚጨመረው የካርታው፣ የገመዱና የመጀመሪያ ሕክምናው ትምህርት ነው። በረዶ የሌለበት ቁልቁለት ላይ በዝናብ የራሰ ሣር የመጥረቢያውን አያያዝ ለማስጀመር ይበቃል።

ከጨነቅ በሶና አድርጎ ቁልቁል ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው የቆየ የእግር መንገድ ቀናት ይፈጃል። ተጓዡ በየማደሪያው አንድ አንድ ድርብ እያወለቀ፣ ከውርጭ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ወይና ደጋ ይወርዳል። ከተማው ሲገባ በሸሚዝ ብቻ ነው፤ በርኖሱ በበቅሎዋ ጀርባ ላይ ነው። ያን ቁልቁለት በሙሉ ያወረደው ግን እላይ በረዶው ላይ የተማረው ነው፤ ጉልበትን ማላላት፣ ክብደትን ወደ ፊት መጣል፣ ተረከዝን ማመን።