ጥቁሯ ሳቢሳና ጥላዋ

ጥቁሯ ሳቢሳ ዓሣ ስታጠምድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ወፏ የታመመች ሊመስለው ይችላል። ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ፈጠን ፈጠን ብላ ትራመድና ድንገት ቀጥ ትላለች። ሁለት ክንፎቿን ወደ ፊት አምጥታ ታገናኛቸዋለች፤ ጫፋቸው ውሃውን ይነካል። ራሷንም ከሥር ትከታለች። ከውጭ የሚታየው ውሃ ላይ የተደፋ ጥቁር ጃንጥላ ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ሰከንድ ያህል ቆይታ ክንፏን ታጥፋለች፤ ጥቂት ተራምዳ እንደገና ትዘረጋለች።

ቁመቷ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ላባዋ ድፍን ጥቁር፣ ቅልጥሟም ጥቁር ሲሆን ጣቶቿ ብቻ ቢጫ ናቸው። ከሴኔጋልና ከሱዳን እስከ ደቡብ አፍሪካና ማዳጋስካር ትኖራለች፤ በእኛም አገር እንደ ዝዋይ ባሉ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ትታያለች። አንዳንዴ ብቻዋን ታድናለች፣ አንዳንዴ ደግሞ በርካቶች ሆነው ጎን ለጎን ጥላቸውን ይዘረጋሉ።

ለምን ይሆን? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የፀሐይ ነጸብራቅ ነው። ውሃ ላይ ያረፈ ብርሃን ከሥሩ ያለውን ይሸፍናል፤ ጥላ ሲያርፍበት ግን ውስጡ ይታያል። መልሱ እውነት አለው፤ ብቻውን ግን አያጠግበኝም። በሰሜን አሜሪካ የምትኖረው ትልቋ ሰማያዊ ሳቢሳ ራሷን ዘንበል በማድረግ ነጸብራቅን እንደምትቀንስ ክሬብስና ፓርትሪጅ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ጽፈዋል። ራስን ማዘንበል የሚጠቅም ከሆነ፣ ክንፍን በየደቂቃው መዘርጋትና ማጠፍ ለምን አስፈለገ?

ነገሩን ከዓሣው ወገን ሆኖ ማየት ይሻላል። ተመራማሪው ጂን ሄልፍማን እ.ኤ.አ. በ1981 እንዳሳየው፣ ጥላ ውስጥ ያለ ዓሣ ፀሐይ ላይ ያለውን ከሩቅ ያያል፤ ፀሐይ ላይ ያለው ግን ጥላ ውስጥ ያለውን በቀላሉ አይለየውም። ስለዚህ ትንንሽ ዓሦች ጥላን መሸሸጊያ ማድረጋቸው ይገባል። ሳቢሳዋ የምትዘረጋው ይህንኑ መሸሸጊያ ነው። እዚህ ላይ ግን እውነተኛው እንቆቅልሽ ይመጣል፦ ዓሣ እስኪጠጋ መጠበቅ ከሆነ ሁለት ሦስት ሰከንድ ምን ይበቃል? የእኔ ግምት ምስጢሩ ከመዘርጋቱ በፊት ባለው ፈጣን እርምጃ ላይ ነው። እርምጃው ዓሦቹን ያስደነብራል፤ የደነበረ ዓሣ ደግሞ አጠገቡ ወዳገኘው ጨለማ ይገባል።

የዓሣን ፍላጎት መልሶ ማጥመጃ ማድረግ ለሳቢሳ ወገን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 ተመራማሪው ሃርቪ ሎቬል በፍሎሪዳ አንዲት አረንጓዴ ሳቢሳ የዳቦ ቁራሽ ውሃ ላይ እየጣለች ዓሣ ስትጠራ ማየቱን ጻፈ። የእሷ የቅርብ ዘመድ የሆነችውና በሐዋሳ ሐይቅ ዳርም የምትገኘው አጭሯ ሳቢሳ በጃፓን፣ በኩማሞቶ ከተማ የመናፈሻ ኩሬ ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ ስትሠራ ተመራማሪው ሂሮዮሺ ሂጉቺ አጥንቷታል። ማባበያዋ ነፍሳት፣ ላባ፣ እንጨት፣ ያገኘችው ሁሉ ነው። ጣል ታደርገውና ጎንበስ ብላ ትጠብቃለች። ወጣቶቹ ወፎች እንደ አዋቂዎቹ አይቀናቸውም፤ ይህም ሙያው በልምድ የሚበስል መሆኑን ይጠቁማል። በጣም የሚያስደንቀኝም እሱ ነው።

ዝዋይ ዳር ቆሞ ጥቁሯን ሳቢሳ የሚመለከት ሰው ሁለት ነገር ልብ ቢል መልካም ነው፦ ሰማዩ ሲደምን፣ ነጸብራቅ ሳይኖር፣ ክንፏን ትዘረጋ እንደሆነ፤ ደግሞም ከመዘርጋቷ በፊት የእግሯ ፍጥነት ይለወጥ እንደሆነ። በደመና ቀንም ከዘረጋች ነጸብራቅ ብቻውን መልስ ሊሆን አይችልም።